የሌላንድ ሰፊ ጊዜ

ዱዌን ፕሪቸት ዊቺታ ውስጥ በአንድ የመስኮት መስታወት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። የመጋዘን ጨረታ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነው። ችግሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

ኪራዩ ያቃተው ሰው ለዕቃ ማስቀመጫ የተከራያት ክፍል ጓጉንቸሯ ተቆርጦ ዕቃዋ እንዳለ ለጨረታ ይቀርባል። ተጫራቾች በሩ ላይ ቆመው በባትሪ ያያሉ እንጂ መግባትም ካርቶን መክፈትም አይፈቀድላቸውም። ዱዌን አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ምርጥ የአናጢ መሣሪያ አግኝቶ ሸጧል። ከዚያ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፈረቃ ይለዋወጣል። የምሳ ሰዓቱን ቀደም አድርጎ ይወስድና ሳንድዊቹን መሪ እንደያዘ ይጎርሳል። ለአለቃው በተናገረው መሠረት ከሆነ በዚያ ዓመት ብቻ አራት ጥርስ ተነቅሏል።

«አምስተኛውን ስትነቀል ሾርባ ነው የምሠራልህ» ትለዋለች ሚስቱ ኮኒ።

እንዲህ ተሯሩጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ቀድሞት የሚቆም አንድ ሰው አለ። ሌላንድ ይባላል። ሃምሳውን አልፏል፤ ጺሙ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ። ሰዓቱን አያይም። ጨረታው ሲያልቅ እንኳ ከአጫራቿ ከቨርና ጋር ቆሞ ስለ ነፋሱና ስለ ዝናቡ ያወራል። በዚያች ደቂቃ ዱዌን መኪናውን እያስጮኸ ወደ ፋብሪካው ይበራል።

የሚያንገበግበው ይህ ነበር። ዕቃውን ቢወስድበት ይሻለው ነበር፤ ሰውየው ግን ጊዜ ነው ያለው።

«አንተ አለቃ የለህም እንዴ?» አለው አንድ ማክሰኞ።

«አሁን የለኝም» አለ ሌላንድ ፈገግ ብሎ።

«ታድለህ! ቤትህም ቅርብ ነው መሰለኝ። አንድ ቀን ቀድሜህ አላውቅም።»

«በጣም ቅርብ ነው።»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሃያ ስምንት ቁጥር ላይ አትድከም። ውኃ የገባበት ፍራሽ ነው» አለው።

ዱዌን ሌላንድ ለራሱ ሊያስቀረው የፈለገ መሰለውና ሃያ ስምንት ቁጥርን እልህ ይዞት ገዛው። ስድስት ፍራሽ ነበር። ሁሉም ውኃ ገብቶበታል።

ማታ እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠ። «ኮኒ፣ ይሄ ሰውዬ መጋዘኑ ውስጥ የሚነግረው ሰው አለው። ክፍሎቹ ሳይከፈቱ ነው የሚያውቃቸው።»

«ካወቀ ለምን አይገዛም?»

«ትልቁን እየጠበቀ ነዋ! ገንዘብ የሞላው ሰው ይጠብቃል። እንደ እኔ ያለው ነው የሚሻማው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ እኔ እንዲህ አስበህ ታውቃለህ?» አለችና ሳህኑን አነሳች።

በመስከረም ሌላንድ ለውጥ አሳየ። ጺሙ አደገ፤ አንዱን ሸሚዝ ለሁለት ሳምንት ለበሰ። ዱዌን ይህም አበሸቀው። እሱ በየቀኑ የደንብ ልብሱን ቆልፎ አለቃው ፊት ይቆማል፤ ሌላንድ ግን መስተዋት ማየት እንኳ አላስፈለገውም። የፈለገውን መሆን የሚችል ሰው!

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰባ አራት ቁጥር ተከፈተ። ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን እንደ ግድግዳ ተደርድሯል። ከበስተጀርባው ምን እንዳለ አይታይም። ተጫራቾቹ ባትሪያቸውን አጥፍተው ወደኋላ አሉ።

ሁልጊዜ ከኋላ የሚቆመው ሌላንድ ግን ወደፊት ወጣ።

«አርባ ዶላር» አለ።

ዱዌን ባትሪውን መልሶ አበራ። የሚጠብቀው ትልቁ ይህ ነው!

«ስልሳ!» አለ ወዲያው።

ሌላንድ ዞር ብሎ አየው። «ሰባ።»

«መቶ!»

«መቶ አሥር።» ቦርሳውን ከፈተና ውስጡን አየ።

«መቶ ሠላሳ!»

«መቶ ሠላሳ ሁለት» አለ ሌላንድ።

ሰዎቹ ሳቁ። ቨርናም ፈገግ አለች። «በሁለት ዶላር አይጨመርም፣ የኔ ጌታ። ግድ የለም፣ ለዛሬ ይሁንልህ። ሌላስ?»

«ሁለት መቶ!» አለ ዱዌን።

ሌላንድ ቦርሳውን ዘጋ። ቨርና እስከ ሦስት ቆጠረችና ክፍሉን ለዱዌን ሸጠችለት።

ዱዌን እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም። አለቃው ጋ ደወለና ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ አምስተኛው ጥርስ ደም አላቆም ብሎ ዛሬ መመለስ እንደማይችል ነገረው። ዛሬ እሱም ጊዜ አለው። ዛሬ አይቸኩልም።

ሌሎቹ ተጫራቾች ወደሚቀጥለው በር ሄዱ። ሌላንድ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ቆመህ ታያለህ? በቃ ተሸነፍክ እኮ፣ ወንድሜ!» አለው ዱዌን፤ የመጀመሪያውን ካርቶን አወረደ።

ጋዜጣ ነበረበት፣ ተጨማድዶ የተጠቀጠቀ። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ዱዌን ተናደደና ግድግዳውን በትከሻው ገፋው፤ ካርቶኖቹ ተንደው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ከበስተጀርባቸው አንዲት ተጣጣፊ አልጋ ከነትራሷ አለች፤ ብርድ ልብሷ ጥግ ጥጉ ታጥፎ ተነጥፏል። አጠገቧ ትንሽ ምድጃ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ፣ የጺም መላጫና ጥቂት የተተኮሱ ሸሚዞች ተቀምጠዋል። ሌላ ምንም የለም።

«የወሮበላ መኝታ!» ብሎ ጮኸ ዱዌን። «ለዚህ ነው ሁለት መቶ ዶላር ያስወጣኸኝ? እዚህ ውስጥ ምን አለ ብለህ ነው እንደዚያ ስትሞት የነበረው?»

«ከትራሱ ሥር የሚስቴ ፎቶ አለ» አለ ሌላንድ፤ «እሱን ብቻ ብትሰጠኝ።»