የጭልፋው ሆድ

ርብቃ ከተቀበረች ወዲህ ኢምባካሲ ሰፈር ያለውን ቤቷን ለቀስተኛ ተለይቶት አያውቅም። በሕይወት ሳለች ጓዳዋን ለማንም አታስነካም ነበር፤ አሁን ግን የጸሎት ጓደኛዋ የውብዳር ይዛዋለች። ወገቧ ተቆርጧል፣ ጣቶቿ በሳሙና ውሃ ተጨማደዋል። የሟቿን ትልቅ የወጥ ጭልፋ አለቅልቃ ቀና ስታደርገው፣ ሆዱ ውስጥ የገዛ ፊቷ ተዘቅዝቆ ታያት።

«ድካሙ ገለበጠኝ መሰለኝ» አለች።

የርብቃ ልጅ ማዕዶት ከኋላዋ ሳህን እያደረቀች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታነሳ መለሰችላት።

«አይ አንቲ፣ ጎድጓዳ ስለሆነ ነው፤ ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል። ራቅ ያለ ነገር ይገለበጣል። ቀጥ ብሎ፣ ገዝፎ የሚታየው ለጭልፋው በጣም የተጠጋ ብቻ ነው።»

የውብዳር ጭልፋውን እንደገና አየችው። እሷ ተዘቅዝቃለች። ማዕዶትም፣ በሩም ተዘቅዝቀዋል። በመሀላቸው ግን ርብቃ ሻሿን እንዳሰረች፣ ዕቃ በደንብ ያልታጠበ ጊዜ እንደምታደርገው ቅንድቧን ሰብስባ፣ ቀጥ ብላ፣ ገዝፋ ታየች።

«አንቲ፣ ምን አየሽ?»

የውብዳር ትንፋሿን ያዘች። ጭልፋው ግን ከቅርብ እንደተነፈሱበት ሁሉ ቀስ እያለ ጉም ለበሰ።