አስራ አምስት ደቂቃ

ልጄ የሩጫ ውድድሩን ሦስተኛ ዙር ሁለተኛ ሆና እየጨረሰች ነው። እኔ ከእህቴ ጋር መድረሻው አጠገብ የብረት አጥሩን ጭብጥ አድርጌ ይዣለሁ። ከልብስ ስፌት ሱቄ በጥድፊያ ስወጣ ሜትሬን ከአንገቴ ማውለቅ ረስቼ፣ እንደ ሻርፕ ተንጠልጥሎብኛል። የቀራት አንድ ዙር ብቻ ነው።

ያኔ ከመስመሩ ወጥታ ወደ እኛ ትመጣለች።

"ቦርሳዬን፣ አባዬ።" እጇን በአጥሩ ላይ ትዘረጋለች።

ጣቷን ወግታ ደሟን ትለካለች። ስልሳ ሁለት። ከሰባ ከወረደ አደጋ መሆኑን እኔም ተምሬያለሁ። ጠዋት ለሩጫው ብላ የቁርሱን ኢንሱሊን ቀንሳ ነበር የተወጋችው፤ አዘጋጆቹ ግን በንግግር አርባ ደቂቃ አቁመዋቸው ስሌቷን አፈረሱት። ምን ቸገራቸው፣ እነሱ አይሮጡ።

ቁምጣዋ ላይ በገዛ እጄ ከሰፋሁላት ትንሽ ኪስ አራት ከረሜላ አውጥታ ወደ አፏ ስትወስድ እህቴ እጇን ለቀም ታደርጋለች።

"ኧረ በሕግ አምላክ፣ ስኳር ያለባት ልጅ ስኳር ትበላለች?"

"አክስቴ፣ አሁንስ ያለብኝ ሳይሆን የጎደለኝ ነው" ትላለች ልጄ፣ እጇን አስለቅቃ እየቆረጠመች።

ሳቄ ያመልጠኛል። ይቺ ቃል ስንት ጉድ አሳይታናለች። ሕፃን ሳለች "ስኳሬ" ነበር የምላት። በዘጠኝ ዓመቷ ሐኪሙ "ስኳር ነው" ያለን ዕለት ስሙ ከአፌ ጠፋ፤ ይኸው ሰባት ዓመት በመዝገብ ስሟ ነው የምጠራት።

መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሰዓቷን ታያለች። "አስራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ።"

ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ ስኳሯ መውረዱ እየተሰማት፣ ላለመበለጥ ብላ ዝም ብላ ሮጣ ወደቀች። በሸክም ነው ያመጡልኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት "ከወደቅሽ ጫማው ይሰቀላል፣ ሩጫ የሚባል ነገር አበቃ" ብያታለሁ። ቃሌን እንደማላጥፍ ታውቃለች። "ብቆምስ?" ብላ ጠየቀችኝ። "መቆም መውደቅ አይደለም" አልኳት፣ እንደማትቆም እርግጠኛ ሆኜ።

አሁን ተቀምጣለች። ሦስተኛ የነበረችው ታልፋለች፤ አራተኛዋም። ቀጥሎ በቡድን በቡድን ያልፋሉ። አምስት ደቂቃ እንደሄደ አላስችል ይለኛል።

"እስኪ ለኪው፣ ምናልባት ወጥቶ ይሆናል።"

"አባዬ፣ አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ የሚለው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ቁጭ በል።"

ቁጭ እላለሁ። ሩጫ ይቅርብሽ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የነዘነዝኳት ሰውዬ፣ ተነሺ ሩጪ ልላት ምላሴን ይበላኛል። ከኋላችን አንዱ ተመልካች "አቅቷት ነው፣ ምስኪን" ይላል።

"አላቃታትም" እለዋለሁ ዞሬ። "እየለካች ነው።"

ስንት የተመሰገነ ልብስ ሰፊ በችኮላ ሙሉ ጣቃ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ እየቀደማት፣ እግሯ ሩጪ ሩጪ እያላት፣ እንዲህ አደብ ገዝታ የተቀመጠች ግን አላየሁም። ኩራቴን ምን እደብቃለሁ፤ ሸሚዜን ሌላ ሰው ሰፍቶት ቢሆን ኖሮ ደረቴ ሲነፋ ቁልፉ ይበጠስ ነበር።

ደቂቃው ሲሞላ ትለካለች። መቶ አራት። ሁለት ብስኩት በልታ፣ ትርፍ ከረሜላ ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ የጫማዋን ክር አጥብቃ ትነሳለች። ወደ መስመሩ ተመልሳ ሩጫዋን ትቀጥላለች።

ያን ዙር እስክትጨርስ ሰው ሁሉ ይበተናል። አዘጋጆቹ አጥሩን እየነቀሉ፣ ድምፅ ማጉያውን መኪና ላይ ይጭናሉ።

"አንዲት ልጅ ቀርታለች፣ የመድረሻውን ሪባን መልሱት እንጂ" እላለሁ።

"ጋሼ፣ ሪባኑን እኮ አንደኛዋ በጥሳዋለች" ይለኛል አንዱ። መልኩ ክፉ አይደለም፣ ደክሞታል።

መታጠፊያው ላይ ብቅ ትላለች። ብቻዋን ናት። አትንገዳገድም፤ እርምጃዋ እንደ ጥሩ ስፌት እኩል እኩል ነው። እህቴ "ተመስገን" ትላለች ቀስ ብላ።

ሜትሬን ከአንገቴ አወልቃለሁ። "ያዢ" እላታለሁ እህቴን፣ አንዱን ጫፍ እየሰጠኋት። አንድ ሜትር ከሃምሳ መንገድ አይዘጋም፤ ቢሆንም መሀል መንገድ ገብተን ወጠር አድርገን ይዘን እንቆማለን። ጫኙ ሰውዬ የያዘውን ሳጥን መሬት ላይ አስቀምጦ ያየናል።

ልጄ ከሩቅ ሜትሩን ታይና ጥርሷ ይገለጣል።

"ነይ፣ ስኳሬ" እላለሁ።

አንገቷን ቀና አድርጋ መጥታ ሜትሩን በደረቷ ትገፋዋለች። ከሁለታችንም እጅ ተመዞ ይወጣል፤ ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመም ጥቂት እርምጃ አብሯት ይሮጣል።