የመምህር ዕዝራ ወንፈል

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ገብሱን በረዶ መታው። ላሞች ሞቱብን። ሚስቴ ጠጅቱ ከመኝታ መነሣት አቃታት፤ ልጃችን ላሊሴ እናቷን ልታስታምም ከትምህርት ቤት ቀረች። የሒሳብ መምህሯ ዕዝራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱሉልታ ከተማ በጭቃው እየመጣ እዚህ በረት ውስጥ አስተማራት። እስከ ፋሲካ አላቋረጠም።

ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ወንፈል ነው፤ በኛ ቋንቋ ዳዶ። ማሳዬን ላጨደልኝ አጭዳለሁ። መምህር ዕዝራ ግን ማሳ የለውም። ቅቤ ብልክለት መለሰው። ሣር ብጭንለት «ላም የለኝ፣ እኔ ልብላው?» አለኝ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ ነገ ልጁ ዘንድ ሐዋሳ ጠቅልሎ ይገባል። ዛሬ ሊሰናበተን መጥቷል። ዕዳዬን እንደ ተሸከምሁ ልቀር ነው።

«አካም ጂርቱ ኦቦ ያደታ? ዶክተሯስ?» ይለኛል ሰላምታ እየሰጠኝ።

ላሊሴ ከበረቱ ጎን ሣር እየከመረች ነው። ዶክትሬቷን የጨረሰችው በቅርቡ ነው። መንሹን ይዛ ሮጣ ትስመዋለች።

«ምን ላይ እንደ ሠራሽ ሳትነግሪኝ አልሄድም» ይላታል።

«ሹል ነጥብ ላይ ነው፣ መምህር።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለሹል?» ትላለች ጠጅቱ። «ሞረድ እኮ ገበያ ሞልቷል!»

ላሊሴ እየሳቀች ክምሩን ታሳየዋለች። «ጎኑ ሁሉ ልሙጥ ነው። የሚሾለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ያች ነጥብ የራሷ ፖሊኖሚያል አላት። ክምሩን ብናዞረው፣ ብናጋድመው፣ ፖሊኖሚያሉ አይለወጥም።»

«በምን ታገኚዋለሽ?»

«በዲፈረንሻል ኦፕሬተር። የክምሩን ቀመር በራሱ ደጋግሜ አባዛዋለሁ። ትክክለኛው ኦፕሬተር ከብዜቱ አንዱን ያወርድልኛል። ሲያወርድ ከፊት የሚወጣው ማባዣ ነው ፖሊኖሚያሉ።»

መምህር ዕዝራ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅላል። ከሱሪው ኪስ ጠመኔ ያወጣል፤ ጡረታ ወጥቶም ጠመኔ አልተለየውም።

«እንግዲያው አስተምሪኝ» ይላታል።

የበረቱ ቆርቆሮ በር ላይ ይጽፋል። በእጅጌው ይጠርጋል፤ ደግሞ ይጽፋል። እኔ የሚጽፈውን አላውቅም፤ የልጄን ፊት ግን አውቃለሁ። ስሕተቱን አይታለች። መንሹን ተደግፋ ትጠብቀዋለች።

«አልወርድ አለኝ» ይላል። «ትራፊ አለው።»

«ኦፕሬተሩ ክምሩን መምሰል አለበት፣ መምህር። የክምሩ ቀመር ውስጥ ምን ምን ምልክት አለ?»

«ሁለት ፕላስ፣ አንድ ማይ... ቆይ! ቆይ! አትንገሪኝ!»

«ማን ተናገረ?» ትላለች ጠጅቱ።

ሦስተኛዋን ምልክት በአውራ ጣቱ ያብሳታል። በቦታዋ አጭር ሰረዝ ያደርጋል። ከዚያ እጁ ይፈጥናል፤ ጠመኔው ይሰበራል፤ በስባሪው ይቀጥላል።

«ወረደ!» ይጮኻል። «ማባዣው ዜሮ የሚሆነው ማይነስ አንድ ላይ! ማይነስ አንድ ተኩል ላይ! ወረደ እኮ፣ ኦቦ ያደታ!»

ላሞቹ ይደነብራሉ። ሽበታም ሰው በበረቴ በር ላይ ይዘላል። ልጄ መንሹን ጥላ ታጨበጭባለች።

ትንፋሹን ሰብስቦ ወደኔ ይዞራል። «ኦቦ ያደታ፣ በዳዶ ቀን የሠራተኛው ምሳ በማን ነው?»

«በባለ ማሳው።»

«ዛሬ የማን ማሳ ታረሰ?»

በሩን አያለሁ። ላሊሴን አያለሁ። 

«ያንተ። ልጄ አረሰችልህ።»

ወደ ኮቱ ይሄዳል። ለመንገድ የያዘውን ቁራሽ ድፎ ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ ይቆርሳል። ላሊሴን ያጎርሳታል። የጣቶቹ ጠመኔ ዳቦው ላይ ታትሟል። ከነጠመኔው ትበላዋለች።