ደሙ እስኪጠራ

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ በቀዶ ሕክምና ከሞት ተረፈች። ስትነቃ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ጨልመው ነበር።

የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያ አያትና፣ «አልታወርሽም። የጭንቅላትሽ መድማት ዓይንሽ ውስጥም ደም አምጥቷል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠራል፤ በሦስት ወር ካልጠራ በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን» አላት።

የምታስታምማት ታናሽ እህቷ አስካለ፣ በምሥራቹ መደሰት ሲገባት፣ «ቶሎ ታያለች እንዴ?» ብላ በድንጋጤ ጠየቀች።

ባሏ ይልቃል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ አንድም ቀን መጥቶ አልጠየቃትም። «ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው» ይሏታል። ስሙን ስታነሳ ጠያቂዎቿ ሁሉ ወሬ ይቀይራሉ። ሌላ ሴት አግኝቶ ይሆን? ለማታይ ሚስትማ ማን ይመለሳል? እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ስትነቃ የመስኮቱ መጋረጃ ታያት፤ ቀጥሎ የገዛ እጆቿ። ልቧ በደስታ ዘለለ። አስካለን ድንገት ላስደስታት ብላ ለማንም ሳትናገር ጠበቀች።

በሩ ተከፈተ።

«እታለም፣ እንዴት አደርሽ? ይልቃል ትናንት ደውሎ ነበር። በጣም ናፍቃኛለች በይልኝ ብሏል» አለች አስካለ በፈገግታ ድምፅ።

ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

«መቼ ቀበራችሁት?» አለቻት።