ለፎቶ የሚሆን ነጭ

ሔርሜላ ብቻዋን ነው የምትጓዘው። ይህን የማያውቅ ካለ ስልክ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ጎንደር ብቻዋን፣ ሐረር ብቻዋን፣ አርባ ምንጭ ብቻዋን። በደረሰችበት ሁሉ የስልኳን ማቆሚያ ትተክልና አገሩን ከኋላዋ አድርጋ ራሷን ታነሳለች። አገሩ ብዙም አይታይም።

ዛሬ ተራው የመርካቶ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለሚሰቅለው ትልቅ ማስታወቂያ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ፊት ይፈልጋል። ከሔርሜላና ከሌላ አንዲት ልጅ አንዷን ሊመርጥ፣ እስከ ማታ አንዳንድ ፎቶ ላኩልኝ ብሏቸዋል። ያቺኛዋ ከግመል ጋር ተነስታለች። ሔርሜላ ግመሉን ካየች ወዲህ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏታል።

ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ቀጭን ያስመስላል። ግማሽ ፊቷን የሚሸፍነውን ጥቁር መነጽር ያደረገችው ደግሞ ለፀሐዩ ሳይሆን ሰዎቹን ላለማየት ነው። ሻንጣዋን እየጎተተች ስታልፍ የሚገፋው ጋሪ፣ መንገድ ልቀቁ የሚለው ተሸካሚ፣ በአንዲት ባልዲ ዋጋ አፍ የሚካፈቱት እናቶች፣ ሁሉም አንገሸገሿት። ክርክር የድሃ ጨዋታ ነው ባይ ናት። እሷ ዋጋ አትጠይቅም።

ጥቁሩ ግን ለፎቶ አልሆነም። እህል በረንዳ የጤፍ ጆንያ ተደግፋ ብትሞክረው ጥላ መስላ ወጣች። ነጭ ያስፈልጋታል።

ነጩን ያገኘችው ጭድ ተራ አጠገብ፣ መዝጊያው በግማሽ ከወረደ አንድ የጨርቅ ሱቅ ነው። ከበሩ በላይ «ነስረዲን ጨርቃ ጨርቅ» ይላል። ባለሱቁ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ለመውጣት እየተቁነጠነጡ ሰው ይጠብቃሉ። ባንኮኒው ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተቀምጧል። ሔርሜላ ጎንበስ ብላ ገባች።

«ያንን ነጩን» አለች። ሰላምታ የላት፣ ስንት ነው የላት።

ነስረዲን ብድግ አሉ። ጥቁር ልብሷን አዩ፣ የጉዞ ሻንጣዋን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ወንድ ነበር የጠበቅኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

ሴት ብቻዋን ሲያይ አገሩ ሁሉ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ኋላ ቀርነት ሰለቻት።

«ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርቁን በሁለት እጃቸው አንስተው ሰጧት። ቦርሳዋን ስትከፍት ደነገጡ። «ኧረ ተይ ልጄ፣ የሚከፈልበት አይደለም። አብሽሪ።»

አውቀውኛል አለች በሆዷ። ሆቴሉ አልጋ፣ ካፌው ኬክ በነጻ ሲያቀርብላት ለምዳለች፤ የመርካቶ ነጋዴ እጁ ከተፈታ ግን ይህ በእውነት ዝና ነው። ልጆቻቸው ገጿን ይከታተሉ ይሆናል። ሳታመሰግን ወጣች።

ጥግ ይዛ ፈታችው። ጫፉ ያልተዘመዘመ፣ ብዙ ቁራጭ ነው። ከመሃሉ የተጠቀለለ ጥጥ ወደቀ፤ በእግሯ ገፋችው። ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚያስቀምጡት ነገር ይሸታል። ሽማግሌው ስንት ዓመት የከረመ ዕቃ ነው ያራገፉብኝ ብላ አፍንጫዋን ነፋች። ነጭነቱ ግን የሚገርም ነው። አንዱን ወገቧ ላይ አዞረች፣ አንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ አንዱን ራሷ ላይ ጠመጠመች።

መንገዱ ወዲያው ተለወጠ። ሲጋፏት የነበሩት ራቅ ራቅ አሉላት። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን አውርዶ ቆመና በአረብኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ሁለት ሴቶች አይተዋት ከንፈራቸውን መጠጡ። ሔርሜላ ቅናት መሆኑን አላጣችውም። ቆንጆ አይቶ የማያውቅ ሰፈር!

ጭድ ተራ ስትደርስ ስልኳን ተከለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ከታሰረው ጭድ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች። እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እህቴ፣ ተነሺ» አላት ባለ ጭዱ። «እንዲህ ደግ አይደለም።»

«ጭድህን አልበላብህም» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

ፎቶዎቹን ስታገላብጥ ከኋላዋ ነስረዲን ወጥተዋል። በአንደኛው ከሩቅ ይታያሉ፤ በሌላው እየሮጡ ነው፤ ከጎናቸው ዓይኑ ደም የለበሰ ጎልማሳ አለ። ሳቋ መጣ። ሰውየው በነጻ መስጠታቸው ቆጭቷቸው ጉልበተኛ ይዘው ተመልሰዋል። ነጋዴ ምን ጊዜም ነጋዴ ነው። ስልኳን ነቅላ በሰው መሃል ሹልክ አለች፤ ተንጋላ የተነሳችውንም እየሄደች ላከች።

መሳለሚያ ታክሲ ስትጠብቅ መልሱ ደረሰ። መርጠዋታል። እንዲህ ያረፈ ፊት አይተን አናውቅም፣ ነገውኑ በየአደባባዩ ይሰቀላል ይላል። ሔርሜላ ግመሉን አሰበችና ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ነስረዲን የደረሱባት ይህኔ ነው። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ጎልማሳው ከኋላቸው ቆሞ ጨርቁ ላይ የተሰካካውን ጭድ ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሔርሜላ ለዚህ ሁሉ ትያትር ጊዜ የላትም፤ ከቦርሳዋ ብር ዘግና ዘረጋችላቸው።

«ይኸው። ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ ይህን ያህል ይሮጣል?»

«ገንዘብሽን ያዢው፣ ልጄ» አሉ ነስረዲን። «የዚህ ሰው እናት አስከሬናቸው ታጥቦ፣ በሕይወት ሳሉ ከመካ አምጥተው እኔ ዘንድ ያስቀመጡትን ከፈናቸውን እየጠበቁ ነው።»