ስልክ በጤፍ ጆንያ

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ቤቱን ከመጥረጋቸው በፊት የልጃቸውን ስልክ ቀሙ።

ሠናይት ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ትወጋለች። ክንዷ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የስኳር መለኪያ ለጥፋለች፤ አጎቷ ከውጭ የሚልክላት ናት። ስኳሯ ሲወርድ ስልኳ አገር ይያዝልኝ ብሎ ይጮኻል፤ ኔትወርክ ካለ የአጎቷም ስልክ እዚያው ውጭ አብሮ ይጮኻል።

«አጥፊው» አሉ እናት።

«ይኼ ድምፅ አይጠፋም እኮ እማዬ። ብተኛም እንዲቀሰቅሰኝ ነው።»

እናት ስልኩን በነጠላ ጠቅልለው ጓዳ ካለው የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት።

አባቷ አቶ ውቤ ነገሩ አልጣማቸውም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

«መድኃኒቱንማ አላት፤ ያጣችው ባል ነው። ከቀለበቱ በኋላ ይነገራል።»

ሽማግሌ የላከው ፋሲል የሐሙሲት ከተማ መምህር ነው። ሠናይት ወዳዋለች፤ እንዳታጣው ፈርታለች። ሁለት ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ፣ ሁለቴም ስለ ዝናቡ አወራች። እሱም ለዝናቡ ወሬ ከሷ ብሶ ተጣድፎ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ደብረ ታቦር፣ እነሠናይት ቤት፣ በሰዓቱ ደረሱ። ሙሽራው እንደ ወጉ እቤቱ ቀርቷል። ከሽማግሌዎቹ ቀዳሚው የሙሽራው አባት አቶ ይሻው ናቸው። ገና ሳይቀመጡ «እዚህ ቤት ኔትወርክ ይሠራል?» ብለው ጠየቁ፤ መስኮቱ አጠገብ ይሻላል ሲባሉም ወደዚያው ተጠጉ። አቶ ውቤ «ስልክ የሚያበዛ አማች ገጠመኝ» አሉ በሆዳቸው።

«እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን...» ሲሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ጩኸቱ ተነሣ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ሳል ጀመሩ። «የጎረቤት ሞተር ነው፤ እሑድ እሑድ እንዲህ ያደርገዋል።»

ሞተሩ አላባራም። አቶ ውቤ መጋረጃውን አዩ፤ ልጃቸው ከዚያ ወዲያ ናት።

«ተዪ አንቺ ሴት፣ ልጄ ትወድቅብኛለች! ሩጪ፣ ማር ስጫት!» ብለው ብድግ አሉ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «አባቶቼ፣ ልጄ ስኳር አለባት። ደብቀናችሁ ነበር፤ ጥፋቱ የኛ ነው። ካልፈለጋችሁ ባሉ ይቅር፤ እኔ ልጄን ነው የምፈልገው።»

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናነቡ።

ከጓዳ «ደኅና ነኝ እኮ!» የሚል ማር የሞላው ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከስልኩ ላይ ጤፍ እያራገፉ ወጡ።

«ስኳሯ ደኅና ነው፤ መቶ ሃያ ይላል» አሉ ግራ ገብቷቸው። «የሷ እንኳ ዝም ብሏል።»

አቶ ይሻው የሚጮኸውን ስልክ ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ደወሉ፤ «ፋሲል፣ ልጄ፣ ስኳርህ ሃምሳ አምስት ገብቷል፤ ቶሎ ለስላሳ ጠጣ!»