ወረፋ የማይሰለቻቸው እናት

ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ማስተናገድ እንደሚችል በሰው ዲጂታል ቅጂ መፈተን ከተጀመረ ወዲህ፣ ሕጉ ፈታኞች ከገዛ ቤተሰባቸው በቀር ማንንም እንዳይቀዱ ይከለክላል። ፈታኟ ሶልያና የሰፈሯን ሆስፒታል የቀጠሮ ገጽ ስትፈትን እናቷን መረጠች፤ ወይዘሮ ዘነበች ወረፋ አይሰለቻቸውም። እልፍ ዘነበቾች ተሰለፉ፣ ገጹም ቻላቸው፣ እሷም ተመሰገነች።

ዛሬ ጠዋት እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያበጠ እግራቸውን በርጩማ ላይ እንደሰቀሉ ስልካቸውን አቀበሏት።

"እስቲ እይልኝ ልጄ። ቀጠሮ ስጠይቀው፣ 'እርስዎ የሙከራ ታካሚ ነዎት' ብሎ ይመልሰኛል።"

ሶልያና አንገቷን ደፋች። ፈተናው ሲያልቅ የእናቷን ማንነት ከሙከራ ቅጂዎቹ መለየት ነበረባት፤ በምስጋናው ሞቅታ ረስታዋለች።

"እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

"አይዞሽ፣ ተረጋግተሽ ሥሪው" አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ እግራቸውን እያሻሹ። "እኔ እንደሁ መጠበቅ አይሰለቸኝም።"